ከቁም ሳጥን የወጣው ደጋን

ደጋኑን የሰጠችኝ ኦስሎ፣ ፉሩሴት ሠፈር፣ የገበያ ማዕከሉ በር ላይ ነው። ረጅሙን ጥቁር ሻንጣ እንደታመመ ልጅ በሁለት እጇ ታቅፋ መጣችና ደረቴ ላይ አደረገችው። የባለቤቷ ነበር። ባለቤቷ ደግሞ ጓደኛዬ ነበር፤ ከሞተ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል።

«ወንድሜ፣ ወላሂ ከዚህ በላይ አልቻልኩም» አለችኝ። «ቁም ሳጥን ውስጥ ሆኖ ያየኛል። በሩን ብዘጋውም ያየኛል። ወይ አድንበት፣ ወይ ሽጠው።»

«ማነው የሚያይሽ? ደጋኑ?»

«እኔ ምን አውቄ!» ብላ ተቆጣችኝ። ከዚያ ሻሿን አስተካከለችና «ቫክት አለኝ፣ የሥራ ተራዬ ነው፣ ይረፍድብኛል» ብላ ወደ ሥራዋ ሮጠች።

ልስቅባት አልቻልኩም። የእኔው ደጋን እኔ በምኖርበት ሠፈር በሆልምሊያ፣ ከሕንፃችን ሥር ባለችው የዕቃ ማስቀመጫ ቦዳችን ውስጥ፣ ከክረምት ጎማዎቹ ጀርባ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ ነው የሚኖረው። ጎማ ላወጣ በወረድኩ ቁጥር ያን ጥግ ላለማየት ፊቴን አዞራለሁ። አንድ ትልቅ ሰው ብርድ ልብስ ሲፈራ ያሳፍራል፤ ግን እፈራ ነበር። የጓደኛዬንም ሻንጣ በምድር ውስጥ ባቡሩ በቲባንና በላይኛው ባቡር ተሸክሜ ወሰድኩና ከጎኑ አስቀመጥኩት። ስወጣ በሩን ቆልፌ፣ ተመልሼ ደግሞ መቆለፌን ነካክቼ አየሁ።

ከባለቤቷ ጋር የተዋወቅነው የኖርዌይኛ ኮርስ ላይ ነው። እሱ የወሎ ሰው ነው፤ በኋላ አውቶቡስ ነጂ ሆነ፣ እኔ ባቡር አጸዳለሁ። ሼኪው ነበር የምለው፤ ሼኪነት አልነበረውም፣ ሲናደድልኝ ደስ ስለሚለኝ ነው። ደጋን ያስጀመረን ሥራ ፈትነት ነው። ሠፈራችን ካለው ትምህርት ቤት ሥር ዓለት ተፈልፍሎ የተሠራ የቦምብ መጠለያ አለ፤ ጦርነቱ ስላልመጣ የቀስተኞች ክለብ ይለማመድበታል። አንድ የክረምት ቅዳሜ ብርድ ሸሽተን ገባን፣ በዚያው ቀረን። ኖርዌይ ውስጥ በቀስት ማደን ክልክል ነው፤ የሚፈቀደው የጎማ አጋዘን መውጋት ብቻ ነው። ዴንማርክ ግን ፈተና ላለፈ ሰው ይፈቀዳል። ተፈትነን አለፍን። ከዚያ ወዲያ በየጥቅምቱ ስዊድንን በመኪና አቋርጠን፣ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ጫካ ውስጥ ሚዳቋ የምታህለውን ያገሩን አጋዘን እናድን ነበር። መንገድ ላይ እሱ ሲሰግድ እኔ መኪናው ውስጥ ሆኜ እጠብቀዋለሁ፤ እኔ ስነዳ እሱ ከጎኔ ተቀምጦ እንደ አለቃ ፍሬን ያዝ፣ ራቅ በል እያለ ያደርቀኛል።

ችግሩ ሥጋው ነበር። እሱ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን፤ አገር ቤት እንዳለው ሁሉ እዚህም አንዳችን የሌላችንን ሥጋ አንበላም። ስንከራከር ከርመን እንዲህ ተስማማን፤ ቀስቱን የሚለቀው ሰው ሲለቅ ስም ይጠራል፤ እሱ ከሆነ ቢስሚላህ፣ እኔ ከሆንኩ በስመ አብ። ስም የጠራው ሥጋውን በሙሉ ወደ ቤቱ ይወስዳል፣ ሌላው ሰርዲኑን ይከፍታል። «ዛሬ የእናንተ ወገን በሰርዲን ይጽና» ይለኝ ነበር እየሳቀ። እሱ የገደለ ዓመት ፉሩሴት ስሄድ ሚስቱ ሳትጠይቀኝ ለኔ እንቁላል ትጠብሳለች፤ እኔ የገደልኩ ዓመት እሱ ሆልምሊያ ሲመጣ የኔዋ ሽሮ ትሠራለታለች። ገበሬው ነገሩ ስለገባው፣ ሚዳቋዋን እንዳየ የመጀመሪያ ጥያቄው «ዘንድሮ የማን ቤት ናት?» የሚል ነበር።

እኔ ችኩል ነኝ። ገመዱን ጉንጬ ላይ ሳላደርስ ጣቴ ይቀድመኛል፣ ቀስቱም የትም ይሄዳል። ስለዚህ እሱ ከኋላዬ ይቆማል። ሲጋራ ካቆመ ወዲህ ቅርንፉድ ስለሚያኝክ መምጣቱን በጠረኑ አውቃለሁ። «ቆይ…» ይለኛል በሹክሹክታ። «ቆይ… ቆይ… ልቀቅ።» እለቃለሁ፣ ቀስቱም ያገኛል። ስንት ዓመት እንዲህ ኖርን። ራሱ ሲተኩስ ግን ከኋላው ማንም አያስፈልገውም ነበር፤ ቢስሚላህ ብሎ ይለቃል፣ አለቀ።

ከዚያ ታመመ፤ ሕመሙ ብዙ ጊዜ አልሰጠውም። አፈር ካለበሱት ሰዎች መካከል ነበርኩ። ደጋኔን በብርድ ልብስ የሸፈንኩት በዚያው ሳምንት ነው። ለክለቡ ሰዎች ትከሻዬን አሞኛል አልኳቸው።

ሻንጣውን ከተቀበልኩ በኋላ ማመካኛ አልቀረልኝም። የዴንማርኩ ፈተና ጊዜው አልፎበታል፤ ጥቅምት ላይ ለማደን መስከረም ላይ እንደገና መፈተን ነበረብኝ። ካልቻልኩ የእሱን ደጋን መሸጥ ነው፤ ለማላውቀው ሰው፣ ቢስሚላህም በስመ አብም ለማይል ሰው። እሱን ራሱን ከቤቱ አውጥቼ ለባዕድ የምሰጠው ይመስለኝ ነበር።

ልምምዱን የጀመርኩት ፍልሰታ ሲገባ ነው። የራሴን ደጋን ይዤ የብረት በሩን ገፍቼ ገባሁ። መጠለያው ያው ነው፤ እርጥብ ሲሚንቶ ይሸታል፣ አምፖሎቹ እዝዝ ይላሉ። መስመሩ ላይ ቆምኩ፣ ገመዱን እስከ ጉንጬ ሳብኩ፣ በስመ አብ ልል አፌን ስከፍት ቅርንፉድ ሸተተኝ።

«ቆይ…» አለኝ።

ሕልም አልነበረም። ቀን ነው፤ ከጎኔ ሁለት ኖርዌጂያኖች ስለ ጎጇቸው ጣሪያ ያወሩ ነበር። ድምፁ ከቀኝ ጆሮዬ ኋላ መጣ፣ እንደ ድሮው ዝቅ ብሎ። ቆየሁ። ልቀቅ እስኪለኝ ጠበቅኩ። አላለኝም። ክንዴ ተንቀጠቀጠ፤ በመጨረሻ ሳልተኩስ ገመዱን ቀስ አድርጌ መለስኩት። ዞር ብዬ አየሁ። ግድግዳ ነው።

በማግስቱም እንዲያው ሆነ፣ በሳምንቱም እንዲያው። ቆይ ይላል፣ ልቀቅ አይልም። የክለቡ አሠልጣኝ፣ አንዲት ሽማግሌ ኖርዌጂያዊት፣ ገመዱን ስመልስ ብዙ ካየችኝ በኋላ ይሄ የታወቀ የቀስተኛ ጣጣ ነው፣ ዒላማው አጠገብ ቆመህ ዓይንህን ጨፍነህ ተለማመድ አለችኝ። ጨፈንኩ። ጭራሽ ትንፋሹ አንገቴን ነካኝ። ያን ቀን ደጋኑን እዚያው ጥዬ ወጣሁ።

ሚስቴ ስነግራት አማተበች። «ናይ፣ ናይ፣ አይሆንም! ይሄ የፀበል ጉዳይ ነው።»

«እሱ እኮ ክፉ ሰው አልነበረም።»

«ክፉ ነው አልኩ እንዴ? እሱም ይረፍ፣ አንተም እረፍ። ደግሞ በባዶ ሆድህ ደጋን ስትወጥር ውለህ፣ ክንድህ ባይንቀጠቀጥ ነው የሚገርመኝ።»

ተናደድኩ፤ በሷ ግን አልነበረም። የተናደድኩት በሱ ነው። በሕይወት ቢኖር አንገቱን ይዤ እጠይቀው ነበር። አንድ ቀን መጠለያው ውስጥ፣ ደጋኑን እንደወጠርኩ፣ «ሼኪው! ወይ ጨርሰው፣ ወይ ዝም በል!» ብዬ ጮኽኩ። በአማርኛ መሆኑ በጀኝ፤ ኖርዌጂያኖቹ የምጸልይ መስሏቸው አንገታቸውን ደፉ።

የእሱን ሻንጣ የከፈትኩት ከዚያ በኋላ ነው። ቁመታችን እኩል ስለነበረ በሱ ልክ የተሠራው ደጋን ለኔም ልክ ነው። የሻንጣው ኪስ ውስጥ በሶፍት የተጠቀለለ ቅርንፉድ አገኘሁ፤ ሽታው ገና አልጠፋም። ደጋኑን ይዤ መስመሩ ላይ ቆምኩ፣ ሳብኩ፣ ጠበቅኩ። ከኋላዬ ማንም የለም። ምንም። ከሞተ ወዲህ እንደዚያች ሰዓት ብቻዬን ሆኜ አላውቅም፤ ከድምፁ ይልቅ ዝምታው አስፈራኝ። በስመ አብ ብል ጣቴ አልታዘዝ አለኝ። የሰውዬው ደጋን ነው፣ እንደ ሰውዬው ላድርግ ብዬ «ቢስሚላህ» አልኩ። ቀስቱ ሄዶ መሃሉ ላይ ተተከለ።

የእመቤታችንን ፆም የያዝኩ ክርስቲያን ቢስሚላህ ብዬ ተኮስኩ። ቶሎ ብዬ አማተብኩ። ለንስሐ አባቴ እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በሱ ደጋን፣ በሱ ቃል ብቻ እየተኮስኩ ነሐሴን ጨረስኩ። መስከረም ላይ ዴንማርክ ሄጄ ስፈተን ቃሉን በሆዴ አልኩት፤ አለፍኩ። ደስ ግን አላለኝም። እጄ የኔ አይመስለኝም ነበር። ሥራ ላይ የባቡር መስኮት ስወለውል ቆም እያልኩ አየው ጀመር።

በዚያ ሰሞን ሚስቱ ደወለችልኝ። «ሸጥከው?»

«አልሸጥኩም።»

«ደግ አደረግክ» አለችኝ። «አሁን ደግሞ ቁም ሳጥኑን እየከፈትኩ ባዶውን አያለሁ። ሲኖርም አላስቀመጠኝ፣ ሲሄድም አላስተኛኝ። ልጆቹ ጥቅምት ሲመጣ አባታቸው ያመጣ የነበረውን ሥጋ ያነሡብኛል። ምን ልበላቸው?»

«እኔ ካደንኩ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ያንተን አንበላው ነገር!» አለችና ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ተሰበረ። እኔም ሌላ ወሬ አመጣሁ።

ጥቅምት ስሄድ የኔዋ ሚስት ፍሪዘሩን አራግፋ አጽድታ ቦታ አዘጋጀች። «አደራ፣ ስም ጠርተህ» አለችኝ በር ላይ። «በክት ይዘህልኝ እንዳትመጣ።» እሺ አልኳት፣ ከልቤ ነበር። የጎማ አጋዘን ሌላ ነው፤ ነፍስ ሲጠፋ ግን በራሴ አምላክ ስም ይሁን ብዬ ቆርጫለሁ።

ጠዋት፣ ገበሬው የሠራው የእንጨት ማማ ላይ ተቀመጥኩ። ጭጋግ ነበር። ሚዳቋዋ ከዛፎቹ መካከል ኮቴ ሳታሰማ ወጣች፤ ቅጠል እያሸተተች ቀረበች። የሱን ደጋን ሳብኩ። በስመ አብ ልል አፌን ብከፍት ድምፅ የለኝም። እንደገና ሞከርኩ፤ ያው ነው። ደረቷ ወደኔ ነው፤ እንደዚያ ቆማ ብወጋት ቆስላ ታመልጥና ጫካ ውስጥ ስትሰቃይ ውላ ትሞታለች። ያኔ ማማው ቅርንፉድ ሸተተ።

«ቆይ…»

ከኋላዬ የማማው ጠርዝ ብቻ ነው፤ ሰው የሚቆምበት ቦታ የለም። «ቆይ…» ሚዳቋዋ ዞረች፣ ጎኗን ሙሉ ሰጠችኝ። ልቀቅ በለኝ አልኩት በልቤ። በእናትህ፣ በአላህ፣ አንድ ጊዜ ልቀቅ በለኝ። ዝም አለ። ዕንባ ዓይኔን ሊሸፍነው ነው፣ ክንዴም ከዚህ በላይ አይችልም።

«ቢስሚላህ» አልኩ፣ በራሴ አፍ፣ በራሴ ድምፅ።

ጥቂት ሮጣ ወደቀች። ደርሼ ስነካት ሞታለች። አጠገቧ ቅጠሉ ላይ ተቀመጥኩና ቀብሩ ላይ ያላለቀስኩትን አለቀስኩ። ገበሬው መጥቶ ከበላያችን ቆመ፤ እሷን አያት፣ እኔን አየኝ።

«ዘንድሮ የማን ቤት ናት?» አለኝ።

«የሱ» አልኩት። ሌላ አልጠየቀኝም፤ በአንድ በኩል እግሯን ይዞ አገዘኝ።

ኦስሎ ስገባ ወደ ቤቴ አላመራሁም። ሥጋውን በማቀዝቀዣ ቦርሳ እንደያዝኩ በቀጥታ ፉሩሴት ሄድኩ። በሩን የከፈተችው ሚስቱ ራሷ ናት፤ ከሥራ መግባቷ ነው፣ ካፖርቷን አላወለቀችም። ቦርሳውን አይታ ፊቷ ተለዋወጠ።

«አደንክ?»

«ያ፣ አደንኩ» አልኳት።

«በሱ ደጋን?»

«በሱ ደጋን።»

እጇን ልትዘረጋ ነበር፣ መልሳ ሰበሰበችው። «ስም የጠራባትስ ማነው?»

መንገዱን ሁሉ ይህን ጥያቄ ሳሰላስል ነው የመጣሁት። ስለ መጠለያው፣ ስለ ቅርንፉዱ፣ ስለ ድምፁ የምነግራትን ሁሉ አሰናድቼ ነበር።

«እሱ» አልኳት።

ዓይኖቿ ከኔ አልፈው ከቀኝ ትከሻዬ ኋላ የሆነ ቦታ ላይ ቆሙ፤ ብዙ ቆዩ። ዞሬ ለማየት አልደፈርኩም። ከዚያ ጠጋ አለችና የቦርሳውን ማንጠልጠያ በሁለት እጇ ያዘችው። ሳበችው። ቦርሳው አልሄደላትም፤ ጣቶቼ እንደጨበጡት ቀርተዋል፣ እኔም ገና ያኔ ነው ያየኋቸው።

«ልቀቅ» አለችኝ ቀስ ብላ።

ለቀቅኩ።