ሁለተኛ ያልተቀባው ጠርዝ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴም፣ ለንስሐ አባቴም። ወንድሜ በሕይወት ሳለ ለእሱም አልነገርኩትም፤ መስማት የነበረበት ግን እሱ ነው። ለእናንተ የምጽፈው ስለማታውቁኝ ነው።

ወንድሜ ሽብሩ ይባላል። በአሥራ ሁለት ዓመት ስለሚበልጠኝ ወንድም ጋሼ ነበር የምለው። አዲስ አበባ ሳለን ከአባታችን ጋር ሸማ ይሠራ ነበር። ሮም ከመጣ በኋላ ግን ስምንት ዓመት ሙሉ በካንቲየሬ፣ በሕንፃ ግንባታ ቦታ፣ ሲሚንቶ ሲያቦካ ኖረ። እኔን ያስመጣኝ እሱ ነው። ያበላኝም፣ ያለበሰኝም።

ሲሚንቶው የጣቶቹን ጫፍ በላው። ቆዳው ደርቆ ድንጋይ ሆነ፤ ትኩስ ብርጭቆ ሲይዝ እንኳ አይሰማውም ነበር። እንዲያም ሆኖ ከምንኖርበት ሕንፃ ሥር ባለችው ካንቲና፣ በምድር ቤቷ ውስጥ፣ እንጨት አገጣጥሞ የሽመና ዕቃ አቆመ። እሑድ እሑድ ይሠራል። "ሁለት ሦስት ጥሩ ሥራ ሰው ካየልኝ ካንቲየሬን ቻዎ እለዋለሁ" ይል ነበር። ሌላ ምኞት አልነበረውም።

እትዬ አልማዝ የምንላቸው እናት የልጃቸውን የሠርግ ልብስ አዘዙት። ለሙሽራዋ፣ ለሚዜዎቿና ለእናቶች ስምንት ነጠላ፣ ሁሉም ከአንድ ረጅም ድር የሚወጣ። ሠርጉ ላይ የማይመጣ አበሻ የለም፤ ሥራው ያኔ ይታያል። ወንድም ጋሼ ሳምንቱን ሙሉ ሲያፏጭ ከረመ።

ድሩን መቀባት የእኔ ሥራ ነበር። ሸማ ሲሠራ ቀድሞ የሚበጠሰው የዳሩ ክር ነው። ማጉ በተመለሰ ቁጥር ወደ ውስጥ ይጎትተዋል፤ ድሩ የሚያልፍበት ማበጠሪያም እዚያው ላይ ይፈትገዋል። ስለዚህ ድሩ ሁሉ አንድ ጊዜ ቀጭን የዱቄት ሙቅ ይቀባል፤ የሁለቱ ዳር ክሮች ግን ከደረቁ በኋላ እንደገና ይቀባሉ። አባታችን እንዲህ ነው ያስተማረው። ካንቲናዋ እርጥብ ናትና መድረቁን መጠበቅ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ጓደኞቼ ኦስቲያ፣ ባሕር ዳር፣ ሊሄዱ ባቡር ጣቢያ እየጠበቁኝ ነው። አንድ ጊዜ ቀባሁና ሄድኩ። ዋኘሁ። ጀላቶ በላሁ። ልጅ ነበርኩ አልልም፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

እሑድ ጠዋት ወንድም ጋሼ ዳሩን ዳሰሰና ሳቀ።

"የእኔ ጣት ፌሮ ሆኗል፣ ምንም አይነግረኝም። ና አንተ የተማርከው፣ በዚያ በሙሽራ እጅህ ዳስስልኝ። ሁለት ጊዜ ነው?"

ዳሰስኩት። ክሩ ልፍስፍስ ያለ ነበር፤ ጠጉሩ ጣቴን ኮረኮረኝ።

"ሁለት ጊዜ ነው" አልኩት።

ለምን? እስካሁን ራሴን እጠይቃለሁ። እውነቱን ብነግረው ምን ያደርገኝ ነበር? "አንተ ሰነፍ!" ብሎ ይስቅብኛል፣ አሎራ፣ በል እንግዲህ ብሎ ብሩሹን ያነሣል። ከዚህ ሌላ ምን? መትቶኝ አያውቅም። የፈራሁት ነገር አልነበረም። ዋሸሁት፣ በቃ።

አንድ ስንዝር ሳይሄድ የዳሩ ክር ተበጠሰ። ቋጠረው። ሌላው ተበጠሰ። ቋጠሮው ደግሞ ጎረቤቱን እየፈተገ በጠሰው። ማጉን ላላ ሲያደርገው ዳሩ ይንጠለጠላል፤ ጠበቅ ሲያደርገው ይሰበሰባል። ክሩን አልጠረጠረም፤ እኔ ዳስሼለታለሁና። የጠረጠረው እጁን ነው። "አይ እጄ! ሲሚንቶ ማቡካት ለምዶ ሸማውን ረሳው" አለ፤ መጀመሪያ እየሳቀ፣ በኋላ ሳይስቅ።

እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ክር አቀብለዋለሁ። ያኔም ብናገር ድሩ እንደተወጠረ መቀባት ይቻል ነበር። አልተናገርኩም። ሁለተኛው ነጠላ ላይ አልተናገርኩም። ሦስተኛው ላይ አልተናገርኩም። ድሩ አንድ ነውና ጥፋቴ እስከ ስምንተኛው ድረስ አብሮ ሄደ፤ እኔም ዝም እንዳልኩ አብሬው ሄድኩ።

እትዬ አልማዝ ነጠላዎቹን ሊወስዱ መጥተው አንዱን ገልጠው ዳሩን ሳብ ሲያደርጉት ክሩ ተከትሏቸው መጣ።

"ልጄ፣ አይክፋህ። ድካምህን አይቻለሁ። ግን ይሄን ለብሳ እንዴት ሰው ፊት ትቆማለች?"

"እውነትዎን ነው፣ እትዬ። ጥፋቱ የእጄ ነው" አላቸው።

እኔ እዚያው ነበርኩ። ሁለቱም ፊት ለፊቴ ናቸው። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። መሬት መሬት አየሁ።

በዚያው ሳምንት የሽመና ዕቃውን ነቅሎ እንጨቱን ቆሻሻ መጣያው ጋ አቆመው። ከዚያ በኋላ ስለ ሸማ አላነሣም። በዓመቱ፣ ካንቲየሬ ላይ ሳለ፣ ከፖንቴጆ፣ ከግንበኞች መወጣጫ፣ ወድቆ ሞተ። የገደልኩት እኔ ነኝ ብል ራሴን ማጋነን ይሆንብኛል፤ አይደለሁም ብል ደግሞ ውሸት ይሆንብኛል። ያን ቀን ካንቲናዋ ውስጥ ተቀምጦ የሸማ መወርወሪያውን ሊወረውር ይችል ነበር። ይህን አውቃለሁ።

ከአርባው በኋላ እናቴ ደወለች። "ሽመና ጀመርኩ ብሎ አስደስቶኝ ነበር፤ ኋላ ምን አስተወው?" አለችኝ።

"እጁ እንቢ አለው፣ እማዬ" አልኳት።

"የአባቱን እጅ ነበር እኮ የወረሰው" ብላ አለቀሰች።

ከሞተም በኋላ ዋሸሁበት። ለገዛ እናቱ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። የበደልኩት እሱን ነው፤ እሱ ደግሞ ጥፋቴን የራሱ ነው ብሎ ይዞት ተቀበረ። አሁን የቀረኝ ለእናቴ ደውዬ የልጇ እጅ ደህና እንደነበረ መንገር ነው። ስልኩን ዛሬ ሦስት ጊዜ አንሥቼ መልሼ አስቀምጫለሁ። እናንተ አወቃችሁ። እሷ ግን ገና አላወቀችም።