ገጽ መቶ ሰማንያ ሰባት

አርማንድ ቴሲዬ ውሸት የማይሆንላት ሴት ነበረች። ዋሽታ የምታውቀው አንድ ውሸት ብቻ ነው፤ እሱን ግን ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ደጋግማዋለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየአዲስ ዓመቱ ሰሞን በትንሿ የፈረንሳይ ከተማ በሶቫኛክ አደባባይ ላይ፣ ከዳቦ ቤቱ ደጃፍ፣ ጡረተኛው አስተማሪ ሙሴ ኦክታቭ ላፎስ ሲያገኟት ባርኔጣቸውን ከፍ አድርገው ሰላም ይሏታል። ጤናዋን ይጠይቃሉ። የምትሠራበት የከተማው ቤተ መጻሕፍት ጣሪያ ያፈስ እንደሆነ ይጠይቃሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የደወል ሰገነት ላክ አድርገው፣ እንደ ዋዛ፣ «መጽሐፌስ እንዴት ነው? ሰው ያነበዋል?» ይላሉ።

«ይነበባል እንጂ ሙሴ ላፎስ! እንዴት አይነበብ?» ትላለች አርማንድ።

እሳቸውም «እሰይ፣ እሰይ» ብለው ዳቧቸውን በብብታቸው ሸጉጠው ይሄዳሉ። እውነቱን ለመናገር አርማንድ መዋሸቷንም አታውቅም ነበር፤ መጽሐፉን በየጸደዩ አቧራውን ትጠርግለታለች እንጂ ከፍታ አይታው አታውቅምና።

አርማንድ የተወለደችው ከጓንት ሰፊ ቤት ነው። ሶቫኛክ ውስጥ በዚያ ዘመን ሌላ ሥራ አልነበረም፤ ወንዱ የጠቦት ቆዳ ይቆርጣል፣ ሴቷ ትሰፋለች፣ ወንዙ የቆዳውን ሽታ ይዞ ቁልቁል ይወርዳል። አባቷ ቆራጭ፣ እናቷ ፊሎሜን ሰፊ ነበሩ። እሷም በአሥራ ሁለት ዓመቷ የአንደኛ ደረጃ የምስክር ወረቀቷን በተቀበለች ማግሥት ከእናቷ ጎን ተቀምጣ መርፌ ያዘች። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሞላት ጓንት ቤቱ ተዘጋ። ያኔ ማዘጋጃ ቤቱ ማንም ያልፈለገውን ሥራ ሰጣት፤ ከገበያው አዳራሽ በላይ ያለውን ብርዳም ክፍል፣ ከአንድ የከሰል ምድጃና ከዘጠኝ ሺህ መጽሐፍ ጋር።

መጽሐፎቹም እንደ ሰው ደረጃ ደረጃ ነበራቸው። ከላይኛው መደርደሪያ የተቀመጡት የገዳሙ ናቸው፤ በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ መነኮሳቱ ሲባረሩ በበሬ ጋሪ ተጭነው የመጡ፣ እስከ ዛሬ ሰም ሰም የሚሸቱ። ከእነሱ በታች ሐኪሞችና ዳኞች ሲሞቱ ለከተማው የተናዘዟቸው አሉ። ከሁሉ በታች፣ ወገብ በሚሰብረው ቦታ፣ የከተማው የሊቃውንት ማኅበር ያሳተማቸው ይገኛሉ።

ይህ ማኅበር በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ እየተሰበሰበ፣ የጥንቱ የሮማውያን መንገድ በወንዙ ቀኝ አለፈ ወይስ በግራ በሚል ስድሳ ዓመት የተከራከረ ማኅበር ነው። ሁለት አባላት በዚሁ ተኳርፈው ሳይታረቁ ሞተዋል፤ የተቀበሩትም አንዱ ከመቃብሩ በር በስተቀኝ፣ ሌላው በስተግራ ነው። መንገዱ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

የሙሴ ላፎስም መጽሐፍ የታተመው በዚህ ማኅበር ነው። «የሶቫኛክ ታሪክ፣ ከመነኮሳቱ እስከ ጓንት ሰፊዎቹ» ይባላል፤ አራት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ። ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ሐሙስ ሐሙስ፣ ሙሴ ላፎስ በብስክሌት ሠላሳ ሁለት ደብር እየዞሩ፣ የሙታንንና የተጠማቂዎችን መዝገብ እየገለበጡ፣ አሥራ ስምንት ዓመት የደከሙበት ነው። በተመረቀበት ቀን የማኅበሩ ሊቀ መንበር ግማሽ ሰዓት ሙሉ አሞገሱት። «ዘመን የማይሽረው ሥራ» አሉት። ተጨበጨበ፣ ወይን ተጠጣ፣ መጽሐፉ መደርደሪያ ገባ።

በፈረንጆቹ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ላይ ለአርማንድ አንድ ፖስታ ካርድ ደረሳት። ሙሴ ላፎስ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ዓይናቸው ከጥላ በቀር አያይም፤ ሴት ልጃቸው ወደ ሊዮን ከተማ ልትወስዳቸው ነው። ካርዱን በሰው እጅ ያስጻፉት «ከመሄዴ በፊት ሐሙስ መጥቼ መጽሐፌን ልሰናበተው እፈልጋለሁ፣ እባክዎን አውጥተው ያቆዩልኝ» ለማለት ነበር።

ሰኞ ጠዋት አርማንድ ተንበርክካ መጽሐፉን ሳበችው። አቧራውን ጠርጋ ልትከፍተው ብትሞክር አልከፈት አላት።

በዚያ ዘመን መጽሐፍ ከማተሚያ ቤት የሚወጣው ወረቀቱ እንደታጠፈ ነው፤ አንባቢው ራሱ በቢላ ጠርዙን እየሰነጠቀ ገጽ በገጽ ይከፍተዋል። ስለዚህ መጽሐፍ የት ድረስ እንደተነበበ ራሱ ይመሰክራል። የሙሴ ላፎስ መጽሐፍ እስከ ገጽ አሥራ ስድስት ተከፍቷል። ከአሥራ ሰባት እስከ አራት መቶ አሥራ ሁለት ግን ቢላ አልነካውም። አርማንድ ያ የሊቀ መንበሩ ንግግር የታተመበትን መጽሔት አውጥታ አየች። ሊቀ መንበሩ ከመጽሐፉ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጠቅሰው ነበር፤ አንዱ ከገጽ ዘጠኝ፣ አንዱ ከገጽ አሥራ አራት።

ወርዳ ለሲዶኒ ነገረቻት። ሲዶኒ ድሮ አብራት ጓንት ትሰፋ የነበረች ወዳጇ ናት፤ አሁን ከታች ገበያው ውስጥ ጎመንና ባሮ ሽንኩርት ትሸጣለች።

«ታዲያ ቁረጪዋ!» አለች ሲዶኒ። «የአባትሽ የቆዳ ቢላ የለሽም? ቆርጠሽ አስቀምጪና ሽማግሌው ደስ ብሏቸው ይሂዱ።»

«ማታለል አይሆንም?»

«ኧረ እቴ! ሃያ ሦስት ዓመት ስትዋሺያቸው ኖረሽ ዛሬ ነው ጽድቅ ያማረሽ?»

«ያኔ አላወቅኩማ።»

«አሁንም እንዳላወቅሽ ሁኚያ! ደሞ ዓይናቸው አያይ፣ ምን ሊያውቁ? ነይ ይሄን ጎመን ያዢ፣ ሾርባ ሥሪበት፤ ፊትሽ አመድ መስሏል።»

ማክሰኞ አርማንድ የአባቷን ቢላ ይዛ ምድጃው አጠገብ ተቀመጠች። ሳያነቡ እንዲያው ቆርጦ ማስቀመጡ ሕሊናዋን ስለከበዳት፣ የቆረጠችውን ሁሉ ላነብ ብላ ለራሷ ቃል ገባች። ለይሉኝታ የጀመረችው ነገር ግን ይዟት ሄደ። ቀለሙ ብልቃጡ ውስጥ በረዶ ስለሆነበት፣ በሚጽፈው መጽሐፍ ኅዳግ፣ ከጽሑፉ ዳር ባለው ባዶ ቦታ ላይ፣ «እጄን ቆረጠመኝ፣ ጌታ ሆይ» ብሎ የጻፈ መነኩሴ አገኘች። በአንድ ክፉ ክረምት የቀበራቸውን ሕፃናት ስም ሲመዘግብ እጁ እየተንቀጠቀጠ የሄደ ቄስ አገኘች። ከተራራ እየወረዱ በገበያ ቀን ሥራ የሚፈልጉ አስተማሪዎችም አሉ፤ ንባብ ብቻ የሚያስተምር ባርኔጣው ላይ አንድ ላባ ይሰካል፣ ሒሳብ የሚጨምር ሁለት፣ ላቲን የሚያውቅ ሦስት። ሙሴ ላፎስ ከሥሩ «ሦስት ላባ ያለውን ከሩቅ ለመለየት ላባውን መቁጠር አያስፈልግም፤ ከሁሉ የከሳው እሱ ነው» ብለው ጽፈዋል። አርማንድ ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ሳቀች። እኚህን ሰው ሃያ ሦስት ዓመት ዳቦ ቤት ደጃፍ ላይ ስታገኛቸው ኖራ ጭራሽ ሳታውቃቸው ቀረች ማለት ነው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ገጽ መቶ ሰማንያ ሰባት ላይ ደረሰች። እንዲህ ይላል፦ «ጓንት ሰፊዎቹ ሴቶች ፊደል የማያውቁ የዋሆች ነበሩ። ቀኑን መዝሙር እየዘመሩ ያሳልፉታል፤ የመጽሐፍ ጥላ ደጃቸውን ረግጦ አያውቅም።»

ቢላዋን አስቀመጠች።

እናቷ ፊሎሜን የጓንት ቤቱ አንባቢ ነበረች። ከምሥራቁ መስኮት ሥር ረጅም ወንበር ላይ ትቀመጥና፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ ለሃያ ሁለት ሴቶች ጮክ ብላ ታነባለች። እሷ ስታነብ መስፋት ስለማትችል የእሷን ድርሻ ሃያ ሁለቱ ተካፍለው ይሰፉላታል። የባሕር ጉዞ አንብባላቸዋለች፣ ስለ ከዋክብት፣ ስለ ነገሥታት፣ ስለ ተከዱ ሙሽሮች አንብባላቸዋለች። አንዷ ስታለቅስ መርፌዋ ይቆማል፤ ከዚያ የሥራ መሪው ይጮኻል። አርማንድ የምታውቀውን ሁሉ ያወቀችው ከዚያ ድምፅ ነው። እናቷ ከሞተች ሃያ ዓመት ሊሆናት ነው። አሁን ይህ መጽሐፍ እናቷን የመጽሐፍ ጥላ አላየችም ይላታል።

ታዲያ ይነገራል? አንድ የምስክር ወረቀት ያላት ሴት ዓይኑ ለጠፋ ሽማግሌ፣ ያውም በስንብቱ ቀን፣ ተሳስተሃል ትላለች? የቀረውን እስከ መጨረሻው ቆረጠች፣ አነበበች፤ ያ ገጽ ግን እንደ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ቀረ።

ሐሙስ ሙሴ ላፎስ መጡ። ልጃቸው ደረጃውን ደግፋ አውጥታ አስቀመጠቻቸውና ዕቃ ልጭን ብላ ሄደች። ጥቁር ኮታቸውን ለብሰዋል፤ ለሠርግ የተጠሩ ይመስላሉ። አርማንድ መጽሐፉን ከፊታቸው አኖረችላቸው። አልከፈቱትም። አውራ ጣታቸውን ጠርዙ ላይ አድርገው ቀስ ብለው አስኬዱት፤ ወደ መጀመሪያው መልሰው እንደገና አስኬዱት። ከዚያ እጃቸው ቆመ።

«ማድሞዋዜል አርማንድ፣ ይሄን መጽሐፍ ማን ነው የቆረጠው?»

የሲዶኒ ምክር ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር።

«እኔ ነኝ።»

«መቼ?»

«ማክሰኞና ትናንት።»

ሙሴ ላፎስ ራሳቸውን ነቀነቁ። «መጀመሪያው ጠርዝ በጊዜ ብዛት ለስልሷል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ግን እንደ አዲስ ሣር ጣት ይቆርጣል። ዓይኔ ከከዳኝ ወዲህ ጣቴ ነው የሚያይልኝ። ስንት ገጽ ድረስ ነበር?»

«አሥራ ስድስት።»

«አሥራ ስድስት! ሊቀ መንበራችን ነፍሳቸውን ይማር፣ ብዙ ደክመዋል» አሉና ፈገግ አሉ። «ከታተመ ሠላሳ አንድ ዓመት» አሉ ቀስ ብለው።

አርማንድ ከፊታቸው ተቀመጠች። «ይቅር ይበሉኝ ሙሴ ላፎስ። በየዓመቱ ስዋሽዎት ኖርኩ።»

«ምንም አይደል፤ እኔም በየዓመቱ የጠየቅኩዎት እውነቱን ፈልጌ አልነበረም።» ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሡ፤ ባርኔጣቸውን በዳበሳ አገኙት። «እንግዲህ አይተናል። አመሰግናለሁ።»

አሁን ከወጡ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሐሙሳቸውን በከንቱ እንደጨረሱ አምነው ነው ሊዮን የሚገቡት። አርማንድ ይህን ስታስብ አፏ ከእሷ ቀደመ።

«ገና አይሂዱ! ገጽ መቶ ሰማንያ ሰባት ላይ ተሳስተዋል።»

ባርኔጣው አየር ላይ ቆመ። «ምን አሉ?»

«ተሳስተዋል ነው የምልዎት! ስለ ጓንት ሰፊዎቹ። ውሸት ነው የጻፉት።»

ሙሴ ላፎስ ተመልሰው ተቀመጡ። ድምፃቸው ተለወጠ፤ ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆሙ መሰሉ። «ማስረጃ አለዎት?»

«እናቴ!» አለች አርማንድ፤ ነገረቻቸውም። እሳቸውም አጣደፏት። ስንት ሴቶች ነበሩ? የትኛው መስኮት ሥር? መጽሐፉን ማን ይመርጣል? ስንት ዓመት ቆየ? ስትሳሳት ቀጥ አድርገው ያርሟታል፣ ስታስታውስ በጣታቸው ጠረጴዛውን ይመታሉ።

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልነገራችሁኝም?» አሉ በመጨረሻ፣ ተቆጥተው።

«አልጠየቁንማ!»

ሽማግሌው «አልጠየቅኩም» አሉ። «ሠላሳ ሁለት ደብር በብስክሌት ዞሬ፣ ከቤቴ ማዶ ያለውን በር አላንኳኳሁም። ጠዋት ጠዋት ስታልፉ እኮ አያችሁ ነበር።» ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ፊታቸው ግን በርቷል። «ያውቃሉ ማድሞዋዜል አርማንድ፣ ደግ ቃል ጠግቤያለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት የጠበቅኩት አንድ ሰው መጥቶ፣ ላፎስ፣ እዚህ ጋ ተሳስተሃል እንዲለኝ ነው። ብዕር ያምጡ፤ ኅዳጉ ላይ ይጻፉት።»

«በቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ ላይ መጻፍ ክልክል ነው» አለች አርማንድ። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ።

ሙሴ ላፎስ ከት ብለው ሳቁ። «መነኩሴውም ኅዳግ ላይ ነው የጻፈው! ይጻፉ፤ በራስዎ ቃል። የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።»

አርማንድ በትምህርት ቤት የእጅ ጽሕፈቷ፣ ፊደሉን እየለቀመች ጻፈች። ጽፋ ስትጨርስ አነበበችላቸው፦ «ይህ ስህተት ነው። ፊሎሜን ቴሲዬ በጓንት ቤቱ ምሥራቅ መስኮት ሥር ለሃያ ሁለት ሴቶች ዘጠኝ ዓመት አንብባለች። የእሷን ጓንት እነሱ ይሰፉላት ነበር። ልጇ አርማንድ አጠገቧ ነበረች።»

«ድጋሚ ያንብቡት» አሉ።

ደገመችው። የእናቷ ስም ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ተሰበረ፤ ሽማግሌው ተንጠራርተው እጇን በዳበሳ ያዙት።

ከታች የመኪና ጥሩምባ ጮኸ። ልጃቸው ናት።

«ትጠብቅ» አሉ ሙሴ ላፎስ፣ ባርኔጣቸውን ጠረጴዛው ላይ መልሰው እያኖሩ። «አሥራ ስድስት ድረስ ከሊቀ መንበሩ ሰምተነዋል። ከዚያ ወዲያ ምን እንዳልኩ እኔም ረስቼዋለሁ።»

አርማንድ ወንበሯን ወደ መስኮቱ ሳበች። እናቷ ታደርግ እንደነበረው ጉሮሮዋን ጠረገችና፣ ጮክ ብላ፣ ከገጽ አሥራ ሰባት ጀመረች።