ከኋላዬ ያለው ቀዛፊ

ስለ ጀልባ ቀዛፊ የማውቀው ነገር አልነበረም፤ ለማወቅም አልፈለግሁም። ግን አባዬን ስትሮክ መታቸውና ግራ ጎናቸው ከቀኛቸው ጋር ተኳረፈ። ጎሮ ያለው ቤታቸው ተዘግቶ ሩዋንዳ ሰፈር፣ እኔ ጋ መጡ። ወንድሞቼ ተሰብስበው ወሰኑ፦ ሰውነታቸው ከታዘዘላቸው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ፤ ካልሆነ ቤቱ ይከራያል። አባዬ ደግሞ ጠዋት ማታ "ቤቴ፣ ቤቴ" ነው። ሌላ ወሬ የላቸውም።

ፊዚዮቴራፒስቱ ወጣት ነው፤ ሁሉን ነገር ከስልኩ ካላሳየ አይሆንለትም። አንድ ቀን የዓለም ምርጥ ቀዛፊዎችን አሳየን። ስምንት ሰው በአንድ ጀልባ። መጀመሪያ እግር ይገፋል፣ ከዚያ ወገብ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ክንድ መጨረሻ ላይ ይጎትታል። የሁሉም ድምፅ አንድ ነው።

"ሁሉም የሚከተለው ከፊቱ ያለውን ሰው ጀርባ ነው" አለና፣ ልምምድ የሚያሠራን ጂም ውስጥ ሁለት የመቅዘፊያ ማሽን ፊትና ኋላ አድርጎ አስቀመጠልን። እኔ ፊት፣ አባዬ ኋላ።

ወይ ጣጣ!

"ሽማግሌ ኋላ አስቀምጠሽ አንቺ ፊት? ደግሞ ጀርባሽን ሰጥተሽኝ!"

"ይቅርታ አባዬ፣ ማሽኑ ነው።"

"ማሽኑ ነው ያሳደገሽ?"

ለታላቅ ጀርባ መስጠት ነውር ነው ብለው ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ስለዚህ በጎተትኩ ቁጥር ዞር እላለሁ፤ ዞር ባልኩ ቁጥር ወገቤ ይጣመማል፤ እሳቸውም ያንኑ ጠማማ ይከተላሉ። ፊዚዮቴራፒስቱ ከጎን ይጮሃል፦ "ዞር አትበይ! አባባ፣ እግር ይቅደም!" የት ሊሰሙት! አልሄድም ያለ አህያ እንደሚጎትት ሰው በክንዳቸው ነው የሚጀምሩት። ሳምንታት እንዲህ አለፉ።

አንድ ቅዳሜ መረረኝ።

"በቃ አባዬ! ቤትዎን ይፈልጋሉ አይፈልጉም? ይከተሉኝ!" ብዬ ጮህኩባቸው። ጂሙ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ይየን! ከዚያ ሳልዞር ቀዘፍኩ። እግር፣ ወገብ፣ ክንድ። መጀመሪያ ሁለት ድምፅ ነበር፤ የእኔ፣ ዘግየት ብሎ ደግሞ የሳቸው። እየተቀራረቡ የመጡ መሰለኝ። ከዚያ አንድ ድምፅ ብቻ ሆነ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ለወንድሞቼ ልደውል፣ ቤቱን ላስጸዳ፣ ግድግዳውን ቀለም ላስቀባ፣ ሁሉንም እየቀዘፍኩ አሰብኩት።

"አዩ አባዬ! እንዲህ ነው እንጂ!" አልኩና ዞርኩ።

እጀታው ከእጃቸው ወጥቶ ማሽኑ ላይ ተመልሷል። መቼ እንዳቆሙ አላውቅም። ግራ እጃቸውን በቀኛቸው ይዘው፣ ቁጭ ብለው ጀርባዬን እያዩ ነበር።

"ጎበዝ ነሽ" አሉኝ። "በሉ፣ ቤቱን አከራዩት።"