ሽምግልና በሸራ ጀልባ

በደርግ ጊዜ ወንድሜ አሰብ ወደብ ላይ ይሠራ ነበር። እዚያ ሳለ ከከተማው ራቅ ብሎ፣ ባሕሩ ዳር ያለ የአንድ ጨው ማምረቻ ኃላፊን ልጅ ወደደ። አባትየው በወሩ መጨረሻ ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ሊዛወሩ ነበርና፣ ከዚያ በፊት ሽማግሌ ካልተላከ ልጅቱ ከእጁ መውጣቷ ነው። ከነፋስ ስልክ አጎቴና የዕድራችን ዳኛ፣ ከጎፋ ደግሞ አንድ ወዳጃቸው፣ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥተው ተነሡ። እኔ የተጨመርኩት ስንቅ ለመያዝ ነው።

አሰብ ስንደርስ የጨው ማምረቻው መኪና ተበላሽቷል ተባለ። የተገኘችው አንዲት ትንሽ የሸራ ጀልባ ናት። የጎፋው ሰውዬ ጀልባዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመለከቱና ወገባቸውን እንዳመማቸው ተናገሩ።

«ሦስት ካልሆንን አያምርም» አሉ አጎቴ። ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ከኋላ ትቆሚያለሽ። እንዳትናገሪ።»

ባለጀልባው አፋር ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከሽማግሌዎቻችን አያንስም። ነፋሱ ከፊት ስለነበረ ጀልባዋ አንዴ ወደ ባሕሩ፣ አንዴ ወደ ዳርቻው እየታጠፈች ነበር የምትጓዘው። በታጠፈች ቁጥር ሸራው ወደ ሌላው ጎን ይዞራል፣ አንዱ ጎኗ ወደ ውሃው ይዘቀዝቃል፤ እኛም እንዳትገለበጥ ከፍ ወዳለው ጎን መሻገር አለብን። ችግሩ ማን ይቅደም የሚለው ነበር።

«ዳኛ፣ ከፍ ይበሉ።»

«ኧረ በፍጹም። እርስዎ እያሉ?»

«የዕድር ዳኛ እኮ ነዎት።»

«እርስዎ የልጁ አጎት ነዎት። ባለጉዳዩ እርስዎ።»

በዚህ መሃል ባሕሩ ገብቶ ጫማችንን ሞላው። ባለጀልባው «ተሻገሩ» ብለው ጮኹ። ሁለቱም እኩል ተነሡ፣ ይቅርታ ተባባሉ፣ እኩል ተቀመጡ። እኔ ስንቁን ታቅፌ ቀድሜ ተሻግሬ ነበር፤ አጎቴ በዚያ ሁኔታም ገላመጡኝ።

በስንት ልመና ሲሻገሩ ጀልባዋ ታጠፈችና ያ የክብር ቦታ ዝቅተኛው ሆነ። ግብዣው እንደ አዲስ ተጀመረ።

«እንዲህ የሚከባበር ሰው ጭኜ አላውቅም» አሉኝ ባለጀልባው። «ተከባብረው ሊሰምጡ ነው።»

ኋላ ማዕበል የዳኛውን ባርኔጣ ወሰደው። ከዚያ ወዲያ ማንም ማንንም አልጋበዘም፤ ዳኛው የአጎቴን ጉልበት እየረገጡ ነበር የሚሻገሩት።

ስንደርስ ጋቢያቸው በጨው ደርቆ ነበር። እንደ ደንቡ ቆመን ልጅቱን ጠየቅን። አባትየውም እንደ ደንቡ ወዲያው እሺ አላሉም። «ዘመድ ላማክር። ከሳምንት በኋላ ተመለሱ» አሉ። ሽማግሌ ሁለት ሦስት ጊዜ መመላለሱ ለልጅቱ ክብር ነው፤ በዚህ ማንም አይከራከርም። አጎቴ ባሕሩን አዩት።

«እንመለሳለን» አሉ።

ወጥተን ከጨው ክምሩ ጀርባ ተቀመጥን። ዳቦ ቆሎ አቀረብኩ። በሉ፣ አፋቸውን ጠረጉ፣ ተነሥተው በሩን አንኳኩ።

አባትየው ራሳቸው ከፈቱ። «ምን ረሳችሁ?»

«ምንም። ሁለተኛው ጊዜ ነው» አሉ አጎቴ።

«ከሳምንት በኋላ አላልኩም?»

«ብለዋል። ከሩቅ ስለመጣን ፈጠን ብለን ነው።»

አባትየው ዘመድ ገና እንዳላማከሩ ተናግረው ዘጉ። ከውስጥ የሴቶች ሳቅ ይሰማል። ተመልሰን ክምሩ ጀርባ ተቀመጥን። ፀሐይ ሳትጠልቅ ለሦስተኛ ጊዜ በሩ ላይ ቆምን።

«ባይሰጡንም እዚሁ ነን» አሉ ዳኛው። «ያቺን ጀልባ ዳግመኛ አንሳፈርም።»

አባትየው ዞረው ሚስታቸውን አዩ።

«ስጣቸው» አሉ ሚስትየው። «እነዚህ ሰዎች አይሄዱም።»

ተሰጠን፤ ያኔ ተቀመጡ ተባልን።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ መኪናው እስኪጠገን እንጠብቃለን አሉ። ወንድሜ በጭንቀት ላይ እንደሚሆን ስለገባኝ ብቻዬን በጀልባዋ ተመለስኩ። ነፋሱ ከኋላ ስለነበር ቶሎ ደረስን። ወንድሜ ዳርቻው ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ከጀልባዋ የወረድኩት እኔ ብቻ እንደሆንኩ አይቷል።

«ሰጡ?» አለኝ።

«ሰጡ» አልኩት።

እቤቱ እስክንደርስ ስለ ሽማግሌዎቹ አልጠየቀኝም።