የአማቴ የላይኛው ጥርስ

አማቴ ጥርስ መነቀልን የሚፈሩት ለሕመሙ ብለው አልነበረም። ልጆቻቸውን አዝለው ከጎንደር ሱዳን፣ ገዳሪፍ ድረስ በእግር የገቡ ሴት፣ ሕመም ምናቸው ነው? የሚፈሩት ለዓይናቸው ነበር። የላይኛው ጥርስ ሥሩ ከዓይን ጋር የተያያዘ ነው፣ ጥርሱ ሲወጣ የዓይን ብርሃንም ተከትሎት ይሄዳል ብለው ያምናሉ። እሳቸው ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በሰፈራችን ያለነው ሐበሾች ሁሉ፣ ሱዳናውያን ጎረቤቶቻችንም ጭምር፣ እንደዚያው እናምን ነበር። የታችኛው ከሆነ ግድ የለም፣ ይነቀላል። የላይኛው ግን አይነካም።

ዓይናቸው ደግሞ መተዳደሪያቸውም ደስታቸውም ነው። ሱዳኖች ሚላያ የሚሉትን የአልጋ ልብስ በእጃቸው ይጠልፋሉ። ሰሊጡ ገብቶ ሰርግ ሲበዛ የሙሽራ እናቶች ደጃችንን ያጨናንቁታል። አማቴ ከመስኮቱ ሥር ቁጭ ብለው ወፍ ሲጠልፉ፣ ወፏ አሁን ተነሥታ የምትበር ነው የምትመስለው። እኔ ሙሽራ ሆኜ የገባሁ ጊዜ አልጋዬ ላይ ያነጠፉልኝ የራሳቸውን ሥራ ነበር፤ አበባውን እንዳልጨፈልቀው ፈርቼ ጫፉ ላይ ቁጢጥ ብዬ አመሸሁ።

ሞባይል ገና ከተማችን ባልገባበት ዘመን፣ በቀኝ በኩል ያለ የላይኛው መንጋጋቸው ይጠዘጥዛቸው ጀመር። ቅርንፉድ ነከሱበት። ነጭ ሽንኩርት ወቅጠው ጠቀጠቁበት። በጨው ውኃ ተጉመጠመጡ። ባለቤቴ ከሱቁ ሲመለስ እናቱን ጉንጫቸውን ይዘው ያገኛቸዋል።

«እምዬ፣ ሆስፒታል ልውሰድሽ።»

«ዓይኔን ልታስጠፋው? ከዚያ ሰው ሲሞት በምን ላለቅስ ነው?»

«አንዱ ይቀርልሽ የለ!»

«እሱንማ ለአባትህ አልቅሼ ጨርሼዋለሁ።»

እሱም ይስቅና ይተዋቸዋል። እናቱን በክርክር የረታ ሰው በሰፈሩ የለም።

ከሾዋክ በገበያ ቀን የምትመጣ፣ የጥርስ ትል የምታወርድ ሴትዮ ነበረች። ጥርስ የሚያመው ትል ሲበላው ነው፣ ትሉ ደግሞ በእምቧይ ፍሬ ጭስ ይሰክርና ይወርዳል፤ የምናውቀው ይህንኑ ነው። ሴትዮዋ ተጠርታ መጣች። ጎድጓዳ ሳህን ላይ ውኃ አድርጋ፣ መሐሉ ላይ ድንጋይ አስቀምጣ፣ ድንጋዩ ላይ በእሳት የጋለ ገል አኖረች። ገሉ ላይ የደረቀውን የእምቧይ ፍሬ በተን ስታደርገው ይንጣጣ ጀመር። አማቴ ፎጣ ተከናንበው፣ አፋቸውን ከፍተው ጎንበስ አሉበት። ሳሉ፣ እንባቸው ወረደ፣ ለሐጫቸው ተዝረበረበ። ፎጣው ሲነሣ ውኃው ላይ ነጫጭ፣ ክር የመሰሉ ነገሮች ተንሳፍፈው ታዩ።

«ይኸውልዎ!» አለች ሴትዮዋ።

«ያ አላህ! ይሄን ሁሉ ጉድ ይዤ ነው ሰው ሰርግ ላይ የምበላው?»

ሳህኑን ይዘው ለጎረቤት ሁሉ አሳዩ። እኔም ብሆን በዓይኔ ያየሁትን ትል እንዴት ልጠራጠረው? ሕመሙም በረድ ያለላቸው መሰለ።

ደስታው ግን አልሰነበተም። ጥርሱ ከፊተኛው ብሶ ተነሣ፤ ጉንጫቸው አበጠ፣ እብጠቱ ወደ ላይ ወጥቶ ቀኝ ዓይናቸውን አጠበበው። «አየሽ፣ የተረፈው ትል ወደ ዓይኔ ወጣ» አሉኝ። ለአንዲት ሙሽራ የጀመሩትን ሚላያ አጥፈው አስቀመጡት። ወፏ ባንድ ክንፏ ቀረች። ያን መስኮት ያለ እሳቸው አይቼው አላውቅም ነበር።

ሴትዮዋ እስከሚቀጥለው ገበያ አትመጣም። በጨርቅ ቋጥራ የተወችልን ፍሬ ግን ተርፎ ነበር። «አንቺው ሥሪልኝ» አሉኝ።

ሳህኑን አጥቤ፣ ውኃውን ራሴ ቀድቼ፣ ገሉን አግዬ፣ እንዳየሁት አደረግሁ። ፍሬውን በትኜበት አማቴ ፎጣቸውን ሲያነሡ በሩ ተንኳኳ። የሙሽራዋ እናት ናት፣ ሚላያዋ የት እንደደረሰች ልታይ የመጣች።

«ጭሱ እንዳያመልጥ ሰፌድ ክደኚበት፣ መጣሁ» ብለው ወጡ።

የሱዳን ሴት ሰላምታ እንዲህ በቀላሉ አያልቅም። ስለ ልጆች፣ ስለ ዘመድ፣ ስለ ዝናቡ ተጠያይቀው ሲጨርሱ መንጣጣቱም ጭሱም አልቋል። አማቴ ተመልሰው ሰፌዱን ገለጥ ሲያደርጉ፣ ነጫጮቹ ትሎች ውኃው ላይ ተንሳፍፈዋል።

«ማን ጎንበስ አለበት?»

«ማንም።»

«አንቺስ?»

«ኧረ እትዬ፣ እኔ ምን በወጣኝ! ጥርሴን አያመኝ።»

ሳህኑን አዩት። እኔን አዩኝ። አንዱን በጣታቸው አንሥተው ወደ ብርሃኑ ወሰዱና በደህናው ዓይናቸው መረመሩት። «ይሄማ ከፍሬው ሆድ የወጣ ነው» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ሳቅ መጣባቸው። ያበጠውን ጉንጫቸውን በእጃቸው ደግፈው፣ «ወይኔ ሞኟ! ሳህኑን ነው እንዴ ጥርሱን የሚያመው?» እያሉ ይንፈቀፈቃሉ፤ እየሳቁ «ውይ፣ ውይ» ይላሉ።

በዚያው ቀን ሆስፒታል ሄድን። ልነቀል ብለው እንዳይመስላችሁ። «ሌላ መድኃኒት ካለው ይስጠኝ፣ የላይ ጥርስ መንቀል ግን የለም» ብለው አስምለውኛል።

ሐኪሙ ወፍራም መነጽር ያደረገ ሱዳናዊ ነበር። አፋቸውን አይቶ፣ «ያ ሐጃ፣ ዓይንሽን የጨፈነው ከጥርሱ የመጣው እብጠት ነው። ጥርሱን ብነቅለው ዓይንሽ አይጠፋም፤ የሚያሰጋው እንዲህ መተዉ ነው» አላቸው።

«ከጠፋስ?»

«የእኔን አውጥቼ እሰጥሻለሁ።»

«ያንተማ በመነጽር የሚያይ ነው፣ ምን ያደርግልኛል!»

ሐኪሙ ሳቀ፤ ለእብጠቱ ኪኒን ሰጥቶ፣ ጎደል ሲልልሽ ተመለሺ ብሎ ሸኘን። እያጉረመረሙም ቢሆን ዋጡት። ጉንጫቸው በጎደለ ቁጥር ዓይናቸው ተከፈተ። አንድ ጠዋት መስታወት አምጪልኝ አሉና ሲያዩ ቆይተው፣ «ዓይኔን ይዞት የነበረው ለካ ይሄ ጥርስ ኖሯል» አሉ። ያሳመናቸው ሐኪሙም እኔም አይደለንም፤ ይኸው የገዛ ፊታቸው ነው። ያም ሆኖ ሆስፒታል ተመልሰን የሐኪሙ ወንበር ላይ ሲቀመጡ እጄን እንዲህ ጨብጠው ያዙኝ፤ መርፌ የለመደ የጠላፊ ጣት ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ።

ማደንዘዣውን ከተወጉ በኋላ ነገሩ ረጅም አልነበረም። ጥርሱን «አምጣው» ብለው ተቀበሉትና ከነሥሩ ጉንጫቸው ላይ አስጠግተው ለኩት። ከዓይናቸው ሩቅ ቀረ።

«ይቺ ናት ዓይኔ ድረስ ተዘርግታለች የተባለችው?» አሉ፣ ጥጡን እንደነከሱ።

ነገር ግን ልኬቱ ብቻ አልበቃቸውም። ግራ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው በቀኙ ክፍሉን ይቃኙ ጀመር፤ በሩን፣ ግድግዳውን፣ እኔን። በመጨረሻ ሐኪሙ ላይ አረፉና አፍጥጠው ቀሩ።

«የጋውንህን ሁለተኛ ቁልፍ» አሉት፣ «በነጭ ጨርቅ ላይ በቡናማ ክር ማን ነው የሰፋልህ?»

ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ ደረቱን አየ። እኔ አጠገቡ ቆሜ አላየሁትም ነበር። አማቴ መዳፋቸውን ከግራ ዓይናቸው ሳያነሡ፣ «አውልቀው፣ ነጭ ክር እቤት አለኝ» አሉት።