የሚሸጥ አውሮፕላን የመጨረሻ ገጽ

ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ መገናኛ

ከቤት የወጣሁት ጎህ ሲቀድ ነው። የምሄደው ሩቅ አይደለም፤ ከመገናኛ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከዚያ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ግርጌ። ይህን መንገድ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሸሽቼዋለሁ። መጨረሻው ላይ ካፒቴን ደምሴ የሚባል ሰው ይኖራል፤ እኔ ረዳት አብራሪ ሳለሁ አለቃዬ የነበረ ፓይለት።

የጠራኝ እሱ አይደለም። ልጁ ሄርሜላ ናት። እሷም ፓይለት ሆናለች፤ በአንድ አነስተኛ አየር መንገድ ረዳት አብራሪ ናት። መሥሪያ ቤቷ ከውጭ አገር ያገለገለ ጄት ሊገዛ ነው። ባለፈው ሳምንት ለሙከራ በረራ ተልካ ከሻጩ ፓይለት ጋር በርራለች። ማሳረፉን ለእሷ ሰጥተዋት ነበር፤ መሬት ከነኩ በኋላ እግሯ ሥር ፔዳሉ ተንቀጠቀጠ። የሻጩ ፓይለት ሳቀና «አሮጌ ሁሉ እንዲህ ነው፤ የበረራ መዝገቡን ገጽ ንጹሕ አድርገሽ ላኪው» አላት። ገጹን ለአለቆቿ የምትልክበት የመጨረሻው ሰዓት ዛሬ ቀትር ላይ ስድስት ሰዓት ነው።

«አባቴ አትጻፊ ይለኛል። እርስዎ ይምጡልኝ» አለችኝ በስልክ።

ምን አገባኝ ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ መልሼ ደወልኩ።

ጠዋት 1 ሰዓት፣ ሾላ

ታክሲው ሾላ ገበያ አጠገብ ቆሞ ሰው ይጭናል። ከረጢት በርበሬ፣ ጎመን፣ አዲስ የፕላስቲክ ባልዲ፣ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ የሳቡ ሴቶች። ባዶ እጄን ልሄድ ወስኜ ነበር። ወርጄ ሁለት ኪሎ ሙዝ ገዛሁ፤ ኪሎው መቶ ሃያ ብር። ለልጅቷ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ዳገቱ ሲጀምር ሞተሩ አቃሰተ። ሾፌሩ በመስታወት አየኝ።

«አይፍሩ ማዘር፤ ታደርሳለች።»

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«እሱን እግዜር ያውቃል። ሲሸጡልኝ አንድ ሰው ብቻ ነው የነዳት፣ እሳቸውም ዶክተር ናቸው አሉኝ።» ማርሽ ለወጠ። «እዚህ አገር ያገለገለ መኪና ሁሉ የዶክተር ነው።»

ተሳፋሪው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን በልቤ የራሴን ሥራ አሰብኩ።

ጠዋት 2 ሰዓት፣ ከፈረንሳይ በላይ

ከታክሲው ወርጄ በእግሬ እወጣለሁ። ኮብልስቶኑ እርጥብ ነው። በቆርቆሮ አጥሮቹ መካከል ከተማው ቁልቁል ይታያል፤ ከዚያ ወዲያ፣ ቦሌ ላይ፣ ጎማውን ዘርግቶ የሚያርፍ አውሮፕላን። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ቆሜ ሳላየው አላልፍም።

ትልልቆቹ አየር መንገዶች አዲስ ይገዛሉ፤ ትንንሾቹ ትልልቆቹ የጠገቡትን። አንድ ጄት በዕድሜው አራት አምስት ስም ይቀባል። ፀሐይ በሰያፍ ስትመታው የቀድሞው ባለቤት ፊደል ከአዲሱ ቀለም ሥር ብቅ ይላል። ወንበሩ ላይ ስንቀመጥ የማናውቀው ሰው ክንድ የበላውን መደገፊያ እናገኛለን። የማናውቀውን ያ ሰው ያውቀዋል፤ የሚነግረን ግን በጻፈው ብቻ ነው። እያንዳንዱ በረራ ሲያልቅ ፓይለቱ ያየውን ጉድለት በመዝገብ ይጽፋል፤ መዝገቡም ከአውሮፕላኑ ጋር ይሸጣል።

ገዢ ቀድሞ የሚያነበው የመጨረሻዎቹን ገጾች ነው። ስለዚህ አውሮፕላን ሊሸጥ ሲል ድንገት ጤነኛ ይሆናል። ለወራት ሲጻፍበት የኖረው ሁሉ ይቆማል። ማንም በደብዳቤ አያዝዝም። ልማድ ነው።

ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት የእኛ ጄት ሊሸጥ ሲል መሪውን የያዘው ደምሴ ነበር፤ እኔ ረዳቱ። እግሬን እንደ ልማዴ ፔዳሉ ላይ ቀለል አድርጌ አሳርፌ ነበር። ካረፍን በኋላ ተንቀጠቀጠ፤ ፔዳሉ መሬት ላይ ከፊት ጎማው ጋር የተያያዘ ነው። የመጻፍ ተራው የእኔ ነበር።

«ገበያ የወጣች ላም አታነክስም፤ እለፊው» አለኝ።

ጻፍኩት። አለቆች ሲጠይቁት «እኔ ምንም አልተሰማኝም» አለ። ካፒቴኑ አልተሰማኝም ካለ ጎማውን ማን ይፈታዋል? ገጹ በእሱ ቃል ተዘጋ፤ ጄቱ ተሸጠ። እኔን ከጄት አውርደው ባለ ፕሮፔለር ትንንሽ አውሮፕላን ላይ አስቀመጡኝ፤ እስከ ጡረታዬም ወደ ጄት አልተመለስኩም። እሱ በየድግሱ «መንቀጥቀጡ ከወርቅነሽ ጉልበት ነበር» እያለ ሰው አሳቀብኝ። ልጁም ታሪኩን የምታውቀው ከዚሁ ቀልድ ነው።

ያ ጄት ከሄደ በኋላ ምን እንደገጠመው አላውቅም። ልጠይቅ ፈራሁ።

ረፋድ 3 ሰዓት፣ ከደምሴ ቤት

በረንዳ ላይ ተቀምጧል። አርጅቷል። አሁን የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ ሰውን ንስሐ ግባ የሚል።

«እንደምን አደሩ፣ ካፒቴን?»

«ጌታ ይመስገን። ዛሬም ቂምሽን ይዘሽ ነው የመጣሽው?»

«ሙዝ ይዤ ነው የመጣሁት።»

«አባዬ፣ እኔ ነኝ የጠራኋቸው» አለች ሄርሜላ፣ ላፕቶፗን እንደታቀፈች።

እሱ ወደ እሷ ዞረ። «ልጄ፣ ጻፍሽም አልጻፍሽም ይገዙታል። የሚለወጠው ያንቺ ወንበር ብቻ ነው። ይኸው ጠይቂያት፤ መጻፏ ምን ጠቀማት?»

ሃያ ሁለት ዓመት ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። አፌን ስከፍት ግን እውነቱ ብቻ ወጣ።

«ምንም» አልኩ።

ልጅቷ አባቷን አየችው። «ያን ቀን መሪው በአንተ እጅ ነበር። ተሰምቶህ ነበር፣ አባዬ?»

ጎረቤት ብረት የሚቆርጥ ማሽን ይጮህ ነበር። እስኪያበቃ ጠበቀ፤ መነጽሩን አወለቀ።

«ከእሷ በፊት» አለ።

ወዲያው አከለ፤ «ካልተሸጠ መሥሪያ ቤቱ ይዘጋል ብለውን ነበር።»

«ተሸጦም ተዘጋ» አልኩት።

ይቅርታ አላለኝም። አልጠበቅሁም ብል እዋሻለሁ።

ሄርሜላ ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፗን ከፍታ መጻፍ ጀመረች፤ የፊት ጎማው ችግር አለበት።

«አጥፊው» አልኳት። «ጎማውን ፈትተሽ አይተሻል? ፓይለት የተሰማውን ይጽፋል፤ ምክንያቱ የመካኒክ ነው። ምክንያት ከጻፍሽ በምክንያቱ ይረቱሻል።»

አብረን ጻፍነው፤ ካረፍን በኋላ ፍጥነት እየቀነስን ሳለ ሁለቱም ፔዳሎች ተንቀጠቀጡ፤ አራት ሰከንድ ያህል ቆየ፤ ፍሬን ስይዝ መንቀጥቀጡ ቆመ።

ከወንበሩ ሳይነሳ ደምሴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ነፋሱንም ጻፊ። ጸጥ ያለ ከነበረ እንዲያ በይ። ነፋስ ነው እንዳይሉሽ።»

ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ላከችው። ጣቷ ከቁልፉ ላይ ለመነሳት ጊዜ ወሰደበት።

ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ ቤቴ

ጫማዬን ሳላወልቅ ስልኬ ጮኸ።

«ከጉዞው አወጡኝ» አለች ሄርሜላ። ድምጿ ደርቋል። «ጄቱን ለመረከብ ሌላ ፓይለት መድበዋል።»

ከዚህ በኋላ የሚመጣውን እኔ በደንብ አውቀዋለሁ፤ አባቷም ነግሯት ነበር።

«ግን እሱ ደወለልኝ፤ የተመደበው ፓይለት። ገጹን አንብቦታል።»

«ምን አለሽ?»

«መንቀጥቀጡ በስንት ፍጥነት ላይ እንደጀመረ ጠየቀኝ።»

ተቀመጥኩ። ሦስት ፓይለቶች አንድ ጠረጴዛ ከበን ፍጥነቱን ሳንጽፍ ቀርተናል። በእኔ ጊዜ ግን ማንም ይህን ጥያቄ አልጠየቀኝም።

«ነገርሽው?»

«ነገርኩት፣ ካፒቴን። እየጻፈ ነበር።»