አባባ በገላባት ሐኪም ቤት «ልጄ ናት» ያሉ ቀን

አባባ የወለዱኝ አባቴ አይደሉም። ወላጆቼን በወባ ካጣሁ በኋላ፣ በመተማ ሽማግሌዎች ፊት አውራ ጣታቸውን ማር አስነክተው አፌ ውስጥ ከተቱ፤ እኔም ጠባሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የጡት ልጃቸው ሆንኩ። በእኛ አገር እንዲህ የተያዘ ልጅ ከተወለደው አይለይም፤ እሳቸውም ለይተውኝ አያውቁም። «ሴት ልጅ ፊደል ምን ያደርግላታል?» እየተባሉ እንኳ፣ ጣልያን ገብቶ ትምህርቱ እስኪቋረጥ ድረስ አስተማሩኝ።

አባባ የጉልበታቸውን ዘመን የጨረሱት ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሐኪም ቤት ውስጥ ሕመምተኛ ሲሸከሙ ነው። ሲደክሙ ጡረታ ወጥተው መተማ ገቡ፤ እኔን የያዙኝም ከዚያ በኋላ ነው። ሱዳንን ቢለቁም አንድ መብት አልቀረባቸውም፤ እሳቸውና ልጆቻቸው ድንበሩን ተሻግረው ገላባት ሐኪም ቤት በነጻ መታከም ይችላሉ። ሚስታቸው ሳትወልድ ስለሞተች ግን እኔ እስክታመም ድረስ በልጅ ስም የታከመ ሰው አልነበረም።

አንድ ዓመት የማሽላ አጨዳ እንዳለቀ ትኩሳት ያዘኝ። ይተወኛል ስል ይመለሳል። ሆዴ በግራ በኩል እየነፋ፣ እግሬ እየቀጠነ ሄደ። እንዲህ የሆነ ሰው መርፌ ካላገኘ እንደማይተርፍ መንደርተኛው ሁሉ ያውቃል፤ ስንቱን ቀብሯል። መርፌው ያለው ደግሞ ማዶ ነው፤ ከፍሎ መታከም ለእኛ የሚሞከር አልነበረም።

አባባ አህያ ላይ አስቀምጠው፣ ወገቤን ደግፈው፣ በመተማና በገላባት መካከል ያለውን ደረቅ ወንዝ አሻገሩኝ። የሐኪም ቤቱ በረንዳ በሰው ተሞልቷል። ጸሐፊው ነጭ ጀላቢያ የለበሰ፣ ገዳሪፍ አብሯቸው የሠራ ሰው ነበር። በዐረብኛ ነው የሚያወሩት፤ እኔም ገበያ ለገበያ ስሰማ ያደግሁት ቋንቋ ስለሆነ ሁሉም ገባኝ።

«ያ ዐም፣ አጎቴ፣ ዛሬ ደግሞ ምንህን አመመህ?»

«እኔ ደህና ነኝ። ልጄን ነው ያመጣሁት።»

«ስንሰነባበት ልጅ አልነበረህም! ይህችን የምታህል መቼ ወልደህ መቼ አሳደግህ?»

«አልወለድኳትም። የጡት ልጄ ናት።»

ጸሐፊው ገባኝ በሚል ራሱን ነቀነቀ። በእነሱም ዘንድ አንዲት ሴት ያጠባችው ልጅ እንደ ልጇ ይቆጠራል። «መልካም። ያጠባቻት ማን ናት?»

«እኔ ነኝ።»

በረንዳው በሳቅ ፈረሰ።

«ወላሂ፣ ሽማግሌው ጡት አውጥቷል!» አለ አንድ ግመል ነጋዴ። «ወተቱን ለእኛም ቅዳልን እንጂ!»

ከመተማ የመጣች አንዲት ሴት ወደ አባባ ጠጋ ብላ በአማርኛ «ምነው አባባ! ወልጃት ነው ቢሏቸው ማን ያውቅብዎታል?» አለቻቸው።

«ወልጃት ቢሆን እል ነበር» አሉ አባባ። ከዚያ ሳይቆጡ፣ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ፣ ስለ ማሩና ስለ ሽማግሌዎቹ ለጸሐፊው አስረዱት። የሳቀባቸውን ሰው ሁሉ እንደ እንግዳቸው እያዩ ነበር የሚናገሩት። እኔ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ስቤ መሬቱ ቢውጠኝ እመኛለሁ፤ እሳቸው ግን ቀጥ ብለው ቆመዋል። እንደዚያን ቀን ኮርቼባቸው አላውቅም።

ጫጫታውን ሰምቶ ሐኪሙ ወጣ። ጸሐፊው ነገሩን ሲነግረው አልሳቀም።

«መብቱ ለልጅ ብቻ ነው» አላቸው አባባን። «በአንተ ስም የጎረቤትህን ልጅ ባክም፣ ነገ ማዶ ያለው ሁሉ አባት ፈልጎ ይመጣብኛል።» ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ? ይህ ሰው ምንሽ ነው?»

ዘመድ ቤት እንኳ ስጠየቅ ድምፄ የማይሰማ ሰው ነበርኩ። ያን ሁሉ ወንድ ሳይ ምላሴ ታሰረ። ዝም ብዬ ከቀረሁ እንደምንመለስ፣ ከተመለስን ደግሞ አባባ እንደሚቀብሩኝ አውቃለሁ። የአባባን ቀኝ እጅ ያዝኩና አውራ ጣታቸውን አፌ ውስጥ አስገብቼ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ እንደ ሕፃን ጠባሁ። ማር የለበትም፤ አቧራና የአህያው ገመድ ሽታ ነው ያለበት። አባባ እጃቸውን አልሳቡም።

የሚስቅ ጠፋ። ግመል ነጋዴው እንኳ ዓይኑን ወደ ውጭ መለሰ።

«ጻፋት» አለ ሐኪሙ።

«ምን ብዬ?» አለ ጸሐፊው። «እንዲህ ያለ ልጅ ጽፈን አናውቅም።»

«ልጅ በል። ሌላ ምን ትላለህ?»

ጸሐፊው ብዕሩን አነሳ፤ አሁን ቀልዱን ትቶ ነበር። «ያ ዐም፣ ከእሷ ሌላ ልጅ አለህ?»

«እሷ ብቻ ናት» አሉ አባባ። «አንድ ስለሆነች ነው መርፌውን ቶሎ ስጧት የምለው።» ይህን ብለው በብብቴ ደግፈው ወደ በሩ ወሰዱኝ፤ ሰዉም ገለል ብሎ አሳለፈን።